ስምን መልአክ ያወጣዋልን? ስለ ሞሮኮው ፈጣን ባቡር ስምና ገጽታ

ማንኛውም ታላቅ የግንባታ ሥራ ሁለት ጊዜ ይገነባል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ በመሐንዲሱ ንድፍና በሠራተኛው ክንድ መሬት ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎም በስም፣ በቀለምና በሕንጻ ቅርጽ አማካይነት በሕዝብ ሕሊና ውስጥ ይታነጻል። ይህ ሁለተኛው ግንባታ የኪነ ጥበብ ድርሻ ነው። በመሆኑም የባቡር ሐዲድ ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ስሙ ከየት መጣ? ምስሉ ማንን ይወክላል? ጣቢያው ለማን ተሠራ? ብሎ መጠየቅ የሂስ ተግባር ነው። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች እንደ ሥልጣኔ ማኅተም በሚታየው በፈጣን ባቡር ረገድ ደግሞ ጥያቄው ይጠብቃል።

በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2018 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በተገኙበት በሞሮኮው ንጉሥ መሐመድ 6ኛ ተመርቋል። መስመሩ የሜዲትራኒያንን በር ታንጀርን ከንግዱ ከተማ ከካዛብላንካ ጋር ያገናኛል። ባቡሩ ከታንጀር እስከ ኬኒትራ ድረስ በተዘረጋው፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አዲስ ሐዲድ ላይ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ይገሰግሳል፤ ከኬኒትራ ወዲያ በታደሰው ነባር መስመር ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀድሞ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወርዷል። ወጪው 23 ቢሊዮን ድርሃም ያህል ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ የተሸፈነው ከፈረንሳይ በተገኘ ገንዘብ ነው። ባቡሮቹም የፈረንሳይ ፋብሪካ ውጤቶች ናቸው።

ለዚህ ሥራ የተሰጠው ስም «አል ቡራቅ» ነው። ቡራቅ በእስልምና ትውፊት ነቢዩ መሐመድ በአንድ ሌሊት ከመካ ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዙባት ፍጡር ናት። ለአማርኛ አንባቢም ቃሉ ባዕድ አይደለም፤ ቡራቅ፣ ብራቅና መብረቅ ከአንድ የሴም ሥር የተገኙ ቤተሰቦች ናቸው። ምርጫው በራሱ ብልህነት አለው። ማሽኑ ከውጭ ቢመጣም ስሙ ከአገሬው ቋንቋና እምነት ተቀድቷል፤ በፈረንሳይኛው ምሕጻረ ቃል ከመጠራትም ድኗል። ከፓኪስታን የጭነት መኪናዎች ገላ እስከ ቱኒዚያ የመስታወት ሥዕሎች ድረስ የቡራቅን ምስል ሲሥል የኖረው ተራው ሕዝብ ነውና፣ ስሙ ከጥልቅ ምንጭ መቀዳቱን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ቅርጽ የሚመዘነው ከይዘቱ ጋር ባለው ዝምድና ነው። በትውፊቱ ያለችው ቡራቅ ሐዲድ አያሻትም፤ ዕዳ የለባትም፤ በማሳ መካከል አታልፍም፤ የተሸከመችውም አንድ መንገደኛ ነው። ባቡር ግን በምድር ላይ የሚሄድ፣ በብድርና በላብ የተሠራ የብዙኃን መጓጓዣ ነው። ሥዕለኛው ቡራቅን በመኪናው ላይ ሲሥል የራሱን ምኞት ይሥላል፤ ስሙ ከቤተ መንግሥት ሲሰጥ ግን ለሕዝብ የሚደርሰው ተጠናቅቆ የተዘጋ ትርጉም ነው። ከዚህም በላይ የተቀደሰ ስም ክርክርን ያከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በሞሮኮ ገንዘቡ ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታልና ለነባሩ ባቡር መሻሻል ይዋል የሚሉ ዜጎች ተቃውሟቸውን አሰምተው ነበር። የመሐንዲስ ምሕጻረ ቃልን መተቸት ቀላል ነው፤ ቡራቅን መተቸት ግን ድፍረት ይመስላል። እዚህ ላይ ውበት የሕዝብን ጥያቄ መሸፈኛ መጋረጃ ሆኗል።

መጋረጃው በምን ላይ እንደተጋረደ ያሳየ አሳዛኝ አጋጣሚም ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2018፣ ምርቃቱ አንድ ወር ሲቀረው፣ የዘወትር ተሳፋሪዎችን የሚያመላልስ ተራ ባቡር በራባትና በኬኒትራ መካከል ቡቅናደል አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ተገለበጠ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ቦታው ቡራቅ ራሱ የሚያልፍበት ነባር መስመር ነው። አንዱ ባቡር ስም፣ ዓርማና ሥነ ሥርዓት ሲያገኝ፣ ሌላው በየዕለቱ ሰው ሲሸከም ኖሮ በዜና የታወቀው በአደጋው ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች በኪነ ጥበብ ዓይን እኩል ካልታዩ፣ በውስጣቸው የተቀመጡት ሰዎችም እኩል አልታዩም ማለት ነው።

ከስሙ ይልቅ የተሳካ ሆኖ የሚገኘው የኬኒትራ ጣቢያ ሕንጻ ነው። የጣቢያው ነዳፊዎች ሲልቪዮ ዳሺያና ዑመር ኮቢቴ ከጥንታዊው የአረብ ቤት መስኮት ወንፊት መሰል ጥበብ ተነሥተው፣ በሦስት ማዕዘኖች የተሸመነ ገጽ አልብሰውታል። ይህ ጌጥ ሥራ አለው፤ የፀሐይን ብርሃን እያጣራ ለመንገደኛው ጥላ ይሰጣል። ከሐዲዱ በላይ ያለው መተላለፊያም በመስመሩ ለሁለት የተከፈለውን ከተማ ያገናኛል። ትኬት ያልቆረጠ ሰው እንኳ ከሕንጻው ይጠቀማል። ቅርስን መጠቀም ማለት ይህ ነው፦ የአባቶችን ጌጥ ከነአገልግሎቱ መውረስ።

መስመሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓመት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጉዘውበታል፤ በአፕሪል 2025ም ከኬኒትራ እስከ ማራካሽ 430 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አዲስ የፈጣን ባቡር መስመር ሥራ ተጀምሯል። ሥራው ሲሰፋ ጥያቄውም አብሮ ይሰፋል። ከማራካሽ በስተ ደቡብ ላሉት ለአጋዲርና ለሱስ ሕዝብ ገና ተራ ባቡር እንኳ አልደረሰም። ለእነርሱ የክንፋማዋ ስም የሚያበስረው የሌሎችን ጉዞ ነው።

ይህ ትችት ለኢትዮጵያ ከያንያንም የሚነግረው አለ። «ባቡር» የሚለው ቃል እንፋሎትን ከሚያመለክት የባሕር ማዶ ቃል የመጣ ነው፤ «ለገሃር» ደግሞ «ጣቢያው» ከሚለው ፈረንሳይኛ። ሁለቱንም አዋጅ አላወጣቸውም፤ በጣቢያው ዙሪያ የዋለው ወዛደር፣ ነጋዴና መንገደኛ በአንደበቱ አሽቶ የራሱ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ በከተማው ልብ ስለነበረ ሰፈር ወልዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ግን የቆመው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪና ከለቡ በኩል ነው። ሕዝብ የማይውልበት ጣቢያ የሕዝብ ቃል ሊወልድ አይችልም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የባቡርን ስም ግን ሊያወጣ የሚገባው ተሳፋሪው ነው። ስለዚህ ገጣሚው፣ ሠዓሊውና የሕንጻ ነዳፊው መጠራት ያለባቸው ውሉ ተፈርሞ፣ ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ቀለም መቀባት ብቻ ሲቀር አይደለም። ጣቢያው የት ይቁም፣ መስመሩ የማንን ደጅ ይንካ፣ የትኬቱ ዋጋ የማንን ኪስ ይመጥን በሚባልበት ጉባኤ ላይ ሊገኙ ይገባል። ያኔ ስሙ ቢዘገይም ከተሳፋሪው አፍ ይመጣል።