ኢሜይሉ የቱ ጋ ቆመ?

እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ላይ የዋለው ብሬልኖት አፔክስ የተባለው የዓይነ ስውራን መሣሪያ ስክሪን የለውም። የብሬል ቁልፎች፣ በአንድ ጊዜ 18 ወይም 32 የብሬል ፊደላትን የሚያወጣ ማሳያ እና የሚያነብ ድምፅ ብቻ አለው። ኢሜይል አልወርድ ብሎ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለጥገና ሲመጣ፣ ዓይናማ ባለሙያ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ከባለቤቱ እጅ ወስዶ ማገላበጥ ነው። የሚያየው ነገር አያገኝም። መሣሪያውን የሚያነበው ባለቤቱ ነውና ጥገናው የሚጀመረው ወደ ባለቤቱ እጅ ሲመለስ ነው። በስልክም ያው ነው፤ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበውን ቶክባክን ለመርዳት ብሎ የሚያጠፋ ሰው ዓይነ ስውሩን ከገዛ ስልኩ ያስወጣዋል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው «መሣሪያው ምን አለ? ቃል በቃል ንገረኝ» ተብሎ ነው። «ኢሜይሌ አልወርድ አለ» የሚለው አቤቱታ ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል፦ ሰርቨሩ ጋ አለመድረስ፣ በይለፍ ቃል መከልከል፣ «አዲስ መልእክት የለም» መባል፣ እና ጀምሮ መሃል ላይ መቅረት። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ የሚሠራው የኢሜይል ማውረጃ ሥርዓት፣ ፖፕ3፣ ሥራውን በቅደም ተከተል ያከናውናል፤ ይገናኛል፣ ስምና ይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ዝርዝሩን ይቀበላል፣ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ያወርዳል፣ ተሰናብቶ ይወጣል። የቱ ጋ እንደቆመ ያወቀ ሰው የማይመለከቱትን ነገሮች ሁሉ ሳይነካ ያልፋል። ያላወቀው ግን ደህና የነበረውን ቅንብር ሁሉ ይለዋውጥና በአንዱ ብልሽት ላይ ሌላ ይጨምራል።

ከአራቱ ሰውን እጅግ የሚያደክመው የመጨረሻው ነው። መሣሪያው ሦስተኛው መልእክት ላይ ይደርስና ዝም ይላል። እንደገና ሲሞከርም እዚያው ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ባለቤቱ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ፎቶዎች አያይዞ የላከው ከባድ መልእክት ነው። አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ ወደ ጽሑፍ ምልክቶች ስለሚቀየር መጠኑ በሲሶ ገደማ ያድጋል፤ 15 ሜጋባይት የነበረው ወደ 20 ይጠጋል። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን የተመደበው ጊዜ ያልፍና መስመሩ ይቋረጣል፣ በሚቀጥለው ሙከራም ያው መልእክት ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህ ላይ ፖፕ3 ከሰርቨሩ ላይ የሚያጠፋው በሥርዓት ተሰናብቶ ሲወጣ ብቻ ነው። በመሃል ከተቋረጠ የወረዱትም ሰርቨሩ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ፤ አንዳንድ ፕሮግራምም መልሶ ያወርዳቸዋል። መፍትሔው መሣሪያው ውስጥ አይደለም። ባለቤቱ በስልክ ወይም ስክሪን አንባቢ ባለው ኮምፒውተር ወደ ኢሜይሉ ገብቶ ያንን መልእክት እዚያ ያነበዋል፣ አባሪውን ካስቀመጠ በኋላም ያጠፋዋል። ከኋላው የተሰለፉት ያን ጊዜ ይወርዳሉ።

«አዲስ መልእክት የለም» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሌላ መሣሪያ ቀድሞ ወስዶታል። ጂሜይል በፖፕ አንድ ጊዜ የሰጠውን መልእክት ለሁለተኛ መሣሪያ ድጋሚ አያቀርብም። ከተጠቃሚው ስም ፊት «ሪሰንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከሁለት ነጥብ ጋር (recent:) ሲጻፍ ግን ሌላ መሣሪያ ቢወስደውም ባይወስደውም ያለፉትን 30 ቀናት መልእክት ይሰጣል። ይህችን አንዲት ቃል ባለማወቅ ስንት ሰው መሣሪያውን ከነጭራሹ አጽድቶ እንደ አዲስ አስተካክሏል።

የይለፍ ቃል ጉዳይ የራሱ ምስጢር አለው። በተለመደው ብሬል ቁጥር የሚጻፈው የቁጥር ምልክት ቀድሞ፣ ከዚያ ከ«ኤ» እስከ «ጄ» ያሉት ፊደላት ተከትለው ነው። በአሜሪካው የኮምፒውተር ብሬል ግን ያ የቁጥር ምልክት፣ ማለትም ነጥብ 3፣ 4፣ 5 እና 6፣ ራሱን የቻለ የሃሽ ምልክት ነው። ስለዚህ መሣሪያው የይለፍ ቃልን በኮምፒውተር ብሬል ሲቀበል፣ በተለመደው ብሬል 1 ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ሃሽ እና «ኤ» ልኳል። ጣቱ አልተሳሳተም፤ ሰርቨሩ ግን ይከለክለዋል። ብሬል የማያነብ ረዳት ይህን ፈጽሞ አይጠረጥርም።

ጉግል ከግንቦት 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተራ የይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን ሲያግድ ብዙ የቆዩ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከደጅ ቀሩ። ማለፊያው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ከፍቶ ለመሣሪያው ለብቻው የሚሰጥ ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል መቀበል ነው። ቃሉ ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ስለሆነ የቁጥር ምልክቱ ጣጣ የለበትም፤ በአራት በአራት ተከፋፍሎ ሲታይ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ መጻፍም አያስፈልግም። ቃሉን የሚጽፈው ባለቤቱ ራሱ ይሁን። ዓይነ ስውር ሰው ደብዳቤውን በሌላ ሰው ዓይን ሲያስነብብ ኖሮ፣ ብቻውን የሚያነብበትን መሣሪያ ሲይዝ «ይለፍ ቃልህን ስጠኝና ልሙላልህ» መባል የለበትም። ችኮላም ቢሆን ለዚህ ምክንያት አይሆንም።

ሰርቨሩ ጋ ጭራሽ አለመድረስ ሲያጋጥም ከሁሉ በፊት ቀኑ ይታይ። ባትሪው ሞቶ የቆየ መሣሪያ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ የሰርቨሩን የደኅንነት ሰርተፊኬት «ገና ያልጸና» ብሎ ይጥለዋል። ቀኑን ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው። ቀኑ ትክክል ሆኖ ግንኙነቱ አሁንም እምቢ ካለ መሣሪያው የሚያውቀው የምስጠራ ደንብ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ቲኤልኤስ የሚባለው የምስጠራ ደንብ 1.0 እና 1.1 እትሞች በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወስኗል። መሣሪያው ከእነዚህ በላይ የማያውቅ ከሆነና አምራቹ ማሻሻያ ካላወጣለት የትኛውም ቅንብር አያድነውም። ይህን ለባለቤቱ ሳያድበሰብሱ መንገር ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ የይለፍ ቃል ሲያስቀያይሩት መዋል ግን በደል ነው። ኢሜይሉን ወደ ስልክ ማዛወር ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በአሮጌው ውስጥ ብቻ ያሉት የአድራሻ ዝርዝርና የቆዩ ደብዳቤዎች ወደ ሚሞሪ ካርድ ይገልበጡ፤ ባለቤቱም ፋይሎቹን በአዲሱ መሣሪያ ከፍቶ ካነበበ በኋላ አሮጌው ይዘጋ።