«ሁ ሉ ባ»፤ ላውፈር ስለ አብሽ የጻፈው ሲመረመር

የቺካጎው የፊልድ ቤተ መዘክር ሊቅ በርቶልድ ላውፈር በ1919 በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመው «ሲኖ ኢራኒካ» የተሰኘው መጽሐፍ፣ ከምዕራብ እስያ ወደ ቻይና የገቡትን አዝርዕትና ዕፀዋት የሚመረምር ታላቅ ሥራ ነው። ከምዕራፎቹ አንዱ የአብሽን ነገር ይናገራል። ምዕራፉ አጭር ነው፤ ነገር ግን የደራሲውን ኀይልም ጉድለትም ስለሚገልጥ ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል።

ኀይሉ በቋንቋ በኩል ነው። የቻይና ሐኪሞች የአብሽን ፍሬ «ሁ ሉ ባ» ይሉታል፤ ይኸውም የዐረብኛው «ሑልባ» መሆኑን ከላውፈር አስቀድሞ ብሬትሽናይደር አመልክቶ ነበር። ላውፈር የጨመረው ዘመኑን መለየቱ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በታንግ ነገሥታት ዘመን ሲነበብ ሌላ የጉሮሮ ድምፅ ስለ ነበረው፣ በዚያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ የዐረቡን ቃል ለመጻፍ ባልተመረጠም ነበር፤ ስለዚህ ስሙ ከታንግ በኋላ የተጻፈ ነው ይላል። መድኃኒቱም መጀመሪያ የሚጠቀሰው በሶንግ ዘመን፣ በ11ኛው መቶ ዓመት በተዘጋጀ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ነው። ድምፁና ጽሑፉ እንዲህ ሲመሰካከሩ ማየት ደስ ያሰኛል።

ከዚህ በኋላ ግን ደራሲው ይቸኩላል። የዚያ መጽሐፍ አዘጋጅ ጃንግ ዩሺ፣ ፍሬው የባዕድ አገር ራዲሽ ዘር ነው የሚሉ እንዳሉ ይጽፋል። ሱ ሶንግም በመርከብ የመጡ ነጋዴዎች በደቡብ ቻይና እንደ ዘሩት፣ የበቀለው ግን ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ጋር እንደማይተካከል ይናገራል። ላውፈር እነዚህን ቃላት ይተረጉማል እንጂ አይመዝንም። አብሽን ከራዲሽ ያሳሳተ ሰው ተክሉን በእርሻ ላይ አይቶታል ለማለት ያስቸግራል፤ ፍሬውና ስሙ ወደብ ሲደርሱ ዕውቀቱ አብሮ እንዳልወረደ የሚያስረዳው ይኸው ስሕተት ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የአጠቃቀሙ ነገር ነው፤ ላውፈር በአንድ ሐረግ ያልፈዋል። የዐረብና የፋርስ ሐኪሞች አብሽን ለደረትና ለሳል ያዝዙ ነበር። የሶንግ ዘመን ሐኪሞች ግን መራራና ሞቃት ብለው ለኩላሊት ብርድ መደቡት፤ አኮኒት ከሚባለው መርዛም ሥርና ከድኝ ጋር ለሆድና ለጎን መነፋት፣ ከእንስላል ፍሬና ከኮክ አስኳል ጋር ደግሞ ከፊኛ ለሚነሣ ሕመም ሰጡት። አኮኒትና የኮክ አስኳል በቻይና ጥንታውያን መድኃኒቶች ናቸው፤ እንግዳው ፍሬ በነባሮቹ መካከል በነባሮቹ ሕግ ተቀመጠ ማለት ነው። በአገራችን ሴቶች አብሹን ዘፍዝፈው ምሬቱን ከውሃው ጋር ይደፉና ለአራስ ይሰጡታል። ለቻይና ሐኪም ግን ምሬቱ የመድኃኒቱ መለያ ነው፤ ዛሬም ወደ ኩላሊት እንዲመራው ብሎ በጨው ውሃ አርሶ ያምሰዋል።

እንግዲህ ተማሪ የላውፈርን ዘመን አቆጣጠር ሊያምነው ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ የዐረብ ሕክምና ከፍሬው ጋር ቻይና ገባ ቢል ግን ማስረጃ የለውም። ምዕራፉን ሊቀጥል የሚሻ ሰው ሊ ሺጀን በ1578 ከፈጸመውና በ1596 ከታተመው ታላቅ የመድኃኒት መጽሐፍ ይነሣ፤ ስሙን ትቶ ቅመማውን ያንብብ።