ሰባኪን ከማሳው ሳይነቅሉ ማስተማር

የሰባኪዎች ማሠልጠኛ ለመክፈት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሕንፃ ነው። ቦታው ስንት ካሬ ነው? ማደሪያው ስንት ሰው ይይዛል? ቆርቆሮውን ማን ገዛላችሁ? እኔ ደግሞ መልሼ፣ «ተማሪዎቻችሁን ማን ይልካቸዋል?» እላለሁ። የአጥቢያው ሽማግሌዎች መክረውና ጸልየው፣ ስንቁን አዋጥተው የላኩት ወንጌላዊ ገና ክፍል ሳይገባ ትምህርቱን ጀምሯል። በራሱ አመልክቶ፣ የድጋፍ ደብዳቤ በዘመድ አጽፎ የመጣው ግን ሲመረቅ የሚጠብቀው ምእመን የለም፤ ብዙውን ጊዜ ከተማ ይቀራል።

የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት አጀማመር ይህን ይመሰክራል። የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚገመት ምእመን ነው። በመካከሉ ሴሚናሪ አልነበረም። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የነበራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍልም ጥቂት ነበር። እስራቱንና ግርፋቱን ችለው፣ የሰሙትን ለጎረቤት እያስተማሩ፣ ከመካከላቸው ሰው እየመረጡ ወደ ሌላ መንደር ላኩ።

ይህን ታሪክ ጠቅሰው «እንግዲያው ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአገራችን ሕዝብ ፕሮቴስታንት የሆነው ወደ 10 በመቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ከ18 በመቶ አልፏል። ምእመኑ በዚህ ፍጥነት ሲበዛ በየአጥቢያው የሚቆመው ሰባኪ እንዲሁ በድፍረቱና በድምፁ ይመረጣል። ያልተማረ ሰባኪ ደግሞ ከሬዲዮና ከስልክ የሰማውን ይደግማል፤ ዘር ላኩልኝ፣ በረከት ትቀበላላችሁ የሚለውን ጭምር። መንጋው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ማሠልጠኛ ተማሪዎች ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ ኮርሱ የሚሰጠው ቡናው ተለቅሞ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። ከቤታቸው ቆጮና ሽምብራ ይዘው ይመጣሉ፤ ጥቂት ሳምንት ተምረው ይመለሳሉ፤ የተሰጣቸውን የቤት ሥራ በገዛ አጥቢያቸው ይሠራሉ። ሐሳቡን እኛ አልፈጠርነውም። በጓቲማላ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ በ1963 እ.ኤ.አ. መምህራኑን ወደ ተማሪዎቹ መንደር መላክ የጀመረው፣ እዚያም ቤተሰብና እርሻ ያላቸው የገጠር መሪዎች ዋናው ግቢ ድረስ መምጣት ስላልቻሉ ነው። የከተማ ኮሌጆችን መናቄ አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተውን የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የመሰሉ ተቋማት ባይኖሩ መምህራንን የሚያስተምር ከየት ይገኝ ነበር? የገጠሩን ሰባኪ ግን ለዓመታት ከምእመኑ መለየት አያስፈልግም።

የምወደው ክፍለ ጊዜ የስብከት ልምምድ ነው። አንድ ወጣት ወንጌላዊ ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የማዕበሉን ታሪክ ይዞ ቆመ። ምንባቡን በጥድፊያ አነበበና መጽሐፉን ዘጋ። ከዚያ ስለ በሽታ ማዕበል፣ ስለ ድህነት ማዕበል፣ ስለ ትዳር ማዕበል ሰበከ። ድምፁ ያምራል፤ ጓደኞቹም «አሜን!» እያሉ አሞቁት። ሲጨርስ፣ «ወንድሜ፣ ጌታ የተኛው በጀልባዋ በየትኛው በኩል ነው?» አልኩት። ዝም አለ። «ጀልባዋስ ብቻዋን ነበረች?» መጽሐፉን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። «ለካ ሌሎች ጀልባዎችም ነበሩ፣ መምህር!» አለ። ክፍሉ በሙሉ መጽሐፉን ገለጠ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ሽማግሌ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ እጅግ የፈሩት ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ መሆኑን አሳዩን። በማግስቱ ያ ወጣት ያንኑ ምንባብ ደግሞ ሰበከ። ይህ ሰው ማን ነው የሚለውን የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ። አሜን የሚለው ቀነሰ፤ የሚያዳምጠው ግን በዛ።

ከዚያ ወዲህ ያወጣነውን ደንብ አልቀየርነውም፦ ማንም ሰው ስብከት ከማዘጋጀቱ በፊት ምንባቡን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ ያየውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በገጠር አጥቢያ ፊት ለፊት ከሚቀመጡት እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። በሳምንት ውስጥ የሚያገኙት መጽሐፍ ቅዱስ ሰባኪው የሚያነብላቸው ነው። እሱ ከተጣደፈ እነሱ ቃሉን ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ትምህርቱ በአማርኛ ቢሰጥም የልምምድ ስብከቱን እያንዳንዱ ምእመኑ በሚናገረው ቋንቋ እንዲያቀርብ የምናስገድደውም ለዚሁ ነው።

ሴቶችን በተመለከተ አጥቢያዎቹ አሁንም ያመነታሉ። በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩት፣ የታመመ የሚጠይቁት፣ ሕፃናቱን የሚይዙት እነሱ ሆነው ሳለ፣ ለሥልጠና ሰው ላኩ ሲባል ወንድ ይላካል። ሽማግሌዎቹን በዚህ ጉዳይ መጎትጎቴን አልተውም።

ስለ ገንዘብም እንዲሁ አቋሜ አይለወጥም። ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ለመጻሕፍትና ለመምህራን መጓጓዣ ይዋል፤ የተማሪው ምግብ ግን ከላከው አጥቢያ ይምጣ። አጥቢያው ስንቅ ሲያዋጣ የሰባኪውን ትምህርት የራሱ ጉዳይ ያደርገዋል፤ ሲመለስም ምን ተማርክ ብሎ ይጠይቀዋል። የምግቡን ወጪ ሌላ ሰው ከሸፈነ ግን ይህ ጥያቄ ይቀራል፤ ለጋሹ ያቆመ ዕለትም ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

አሁን ከሌሎች ቀጠናዎች «እኛም ጋ ክፈቱልን» የሚል ጥያቄ እየመጣ ነው። ደስ ይላል፤ ግን እኛ ሄደን አንከፍትም። የምንላቸው ሦስት ሰው እንዲልኩ ነው። ተምረው ይጨርሱ፤ በሚቀጥለው ኮርስ ከጎናችን ቆመው ያስተምሩ፤ የተማሪዎችን ስብከት እየሰሙ ማረምን ይልመዱ። ከዚያ በኋላ በቀጠናቸው፣ ባለው የጸሎት ቤት፣ ቡናቸው ተለቅሞ ሲያልቅ ይጀምሩ።