ባሕር ማዶ ስለ ተገኘ ዜማ

ለትምህርት ባሕር ማዶ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሰውን ዜማ ይዞ ይመለሳል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ግን በሰው አገር ሳለ የገዛ አገሩን ዜማ እንደ አዲስ ሰማው። ጅማ ተወልዶ፥ በዌልስ ተምሮ፥ ሙዚቃን በለንደንና በቦስተን አጠና፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉት ሸክላዎቹ በአሜሪካ ወጡ።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሸክላዎች ያደመጥህ እንደ ሆነ የኩባው ከበሮ ገንኖ ታገኘዋለህ፤ የኛ ቅኝት እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ወዳጆቹ ቅር አይበላቸውና፥ እኔ ከዚህኛው ይልቅ አገሩ ተመልሶ የቀረጸውን «የከርሞ ሰው» አስበልጣለሁ። በዚያ ባለቤቱ ቅኝቱ ነው፤ ፒያኖውና ሳክስፎኑ እንግዶች ናቸው። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት በአሥራ ሁለት ድምፅ መሣሪያ ማጀብ አስቸጋሪ ነው፤ ስምምነቱ ከበዛ ቅኝቱ ይታፈናል። ሙላቱ መቆጠብን ያውቅበታል። እኛ ግን ብዙዎቻችን «ብሮከን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም በ2005 ዓ.ም. ለዓለም እስኪያሰማው ድረስ ጆሮ ነፈግነው፤ ይህ የሚያሳፍር ነው።

ታዲያ ዜማን ለማግኘት መሰደድ ግድ ነውን? ከየካ በላይ በሚታየው በእንጦጦ የተወለደው ዓለሙ አጋ በገናን የተማረው ገና ልጅ ሳለ፥ ጎረቤት ሆነው ከመጡት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በበገናው ጅማትና መቀመጫ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታወጣውን እዝታ ፒያኖ አይሰጥም፤ ቪብራፎንም አይሰጥም።