በቀላይ ከተማ ስለ መቆርቆር

ከተማ የሚቆረቆርበትን የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ከሩቅ ለሚያየው ሠዓሊ ወይም ግንበኛ ቢመስልም፣ የዕለት ሥራው ግን ሕግ ማርቀቅ ነው። ለአንድ ሠፈር ስንት ቁና እህል ይበቃዋል፣ ወፍጮው ሲቆም ዱቄቱ በስንት ቀን ያልቃል፣ ዱቄት ያጣ ሕዝብ መጀመሪያ ያጉረመርማል ወይስ ወዲያው ይሰደዳል፤ ይህን ሁሉ በቁጥር ወስኖና እርስ በርሱ አያይዞ ካስቀመጠ በኋላ ዙፋኑን ለማያውቀው ተጫዋች አስረክቦ ዘወር የሚል ሕግ አውጪ ነው እንጂ ታሪክ ተራኪ አይደለም። ታሪኩን የሚሠራው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ሙያው ዕድሜው አጭር ቢሆንም የዘር ሐረግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሜብል አዲስ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት ተማሪዎች የጥንቷ የሱሜር ከተማ የላጋሽ ገዥ ሆነው እህል እንዲያከማቹ፣ ዘር እንዲያስቀሩና ለሕዝቡ ቀለብ እንዲሰፍሩ የሚያደርግ ጨዋታ ጻፈች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሮፌሰር ጄይ ፎረስተር ከተማን በክምችትና በፍሰት ሕግ የሚተነትን መጽሐፍ አሳተመ፤ ዊል ራይት ደግሞ በ1984 ባወጣው የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ደሴቶቹን በቦምብ ከመደምሰስ ይልቅ መገንባቱ የበለጠ ደስ እንደሚያሰኘው ተረድቶ፣ የፎረስተርንም ሐሳብ ተመርኩዞ፣ በ1989 ‹ሲም ሲቲ›ን አወጣ። በአገራችንም ጨዋታን በቁጥርና በክምችት መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ገበጣ ራሱ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ጠጠር የሚዘዋወርበት የሒሳብ ጨዋታ ነው፤ በዘመናችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ‹ኩኩሉ›ን የመሰለ የዶሮ ሩጫ በስልክ ላይ አውጥቷል። እኔ ደሴ ተቀምጬ የያዝሁት የከተማውን ዘርፍ ነው፤ ከከተማም በውኃ ውስጥ ያለውን።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የጥምቀት በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሁለት የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች በአንድ ሰሞን ወጡ። አንደኛው ‹አኳቲኮ› ይባላል፤ የምድር ገጽ ለሰው መኖሪያነት ስለማይሆን የሰው ልጅ ወደ ባሕር ወለል ወርዶ እንደ ገና ከተማ ሲያቀና የሚያሳይ ነው፤ ሁለተኛው ‹ሰርቫይቪንግ ዘ አቢስ› ሲሆን፣ ተጫዋቹ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ መብራት እየዘረጋ ከጨለማው ላይ ጥቂት በጥቂት ቦታ የሚቀማበት ነው። የተጫዋቾቹ ፍርድ ተከፋፈለ፤ የመስተዋቱን ጉልላትና በላዩ የሚዋኘውን ፍጥረት አይቶ የተደነቀ ነበረ፣ የሥራው ዝግታ ያሰለቸውም ነበረ። ይህን መከፋፈል እኔ ከሁለቱ ጨዋታዎች ብቻ የመጣ አድርጌ አላየውም፤ ባሕርን ለከተማ ጨዋታ መድረክ ባደረገ ሰው ሁሉ ላይ የሚደርስ ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ካሰብሁበት በኋላ መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ጎረምሳ ነው።

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች በአንዱ፣ ልጆች ተራ ጠብቀው በፕሌይስቴሽን እግር ኳስ በሚጋጠሙበት ቤት፣ ከእነዚህ የባሕር ጨዋታዎች አንዱን በላፕቶፔ ከፍቼ ለዚህ ልጅ ሰጠሁት። ልጁ እጁ ፈጣን ነው፤ የአየር ቱቦውን ዘረጋ፣ ቤቱን ሠራ፣ ሰዉን አሰፈረ፣ ከተማውም አማረለት፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ከተማው ወላሂ ቆንጆ ነው፤ ግን ውኃው ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው እንደ ሊቃውንት ጥያቄ ነበር። ቱቦው አንድ ጊዜ ከተዘረጋ በኋላ ባሕሩ ሰማያዊ መጋረጃ ሆኖ ቀርቷል፤ ያን ከተማ አንሥቶ በደረቅ መሬት፣ በቦሩ ሜዳ ላይ ቢተክሉት ከሕጉ አንድ መሥመር የሚለወጥበት አልነበረም።

እንግዲህ ውኃው ሥራ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው ውኃ በሰው ላይ በእውነት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ በቀይ ባሕር፣ በፖርት ሱዳን አንጻር ሻዕብ ሩሚ በተባለው የዛጎል ድንጋይ አጠገብ፣ በአሥር ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት አኑሮ አምስት ሰዎች አንድ ወር ያህል ተቀመጡበት፤ ከዚያ ዝቅ ባለች ትንሽ ጎጆም ሁለት ሰዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ አንድ ሳምንት ሰነበቱ። ስለዚሁ ነገር የተሠራው ‹ፀሐይ የሌለበት ዓለም› የተባለው ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። እኔን የሳበኝ ግን በፊልሙ ያሉት ዓሦች አይደሉም፤ ያ የወደፊቱ ዘመን መንደር የተባለው ቤት እስትንፋሱን የሚያገኘው ከላይ በቆመች መርከብ ካለ ሞተር በቱቦ መሆኑ ነው። በቀላይ የሚኖር ሰው እትብቱ አይቈረጥም።

ከደሴ ወደ ሰሜን ጥቂት ሲሄዱ የሚገኘው፣ ስሙም ራሱ ሐይቅ የሆነው ሐይቅ ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። ጥልቀቱ 88 ሜትር ይደርሳል፤ ውኃ በየአሥር ሜትሩ አንድ የአየር ክብደት ያህል ስለሚጨምር፣ በሐይቁ ወለል የሚቆም ቤት በባሕር ጠረፍ ያለ ሰው ከሚሸከመው ዘጠኝ እጥፍ የሚሆን ግፊት ይሸከማል ማለት ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በላዩ ያለው አየር ከጠረፍ አየር የሳሳ ነው፤ በጨዋታዬ ውስጥ ይህንንም አስገብቼዋለሁ፣ ምንም እንኳ ከሺህ ተጫዋች አንዱ እንኳ የማያስተውለው ቢሆን።

ሐይቅን ለጨዋታዬ ሥፍራ የመረጥሁት ግን ለጥልቀቱ ብቻ አይደለም። የአገሩ ሰው እንደሚያወራው፣ በዚያ ሥፍራ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ነበር፤ እግዚአብሔርም በግፉ ተቈጥቶ፣ ሴቲቱ የተቀመጠችበትን መሬት ብቻ አስቀርቶ ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው፣ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች። የተረፈው መሬት ዛሬ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው ይባላል። (ለሴት ሲባል የተረፈ መሬት ላይ የቆመው ገዳም ሴት የማይገባበት መሆኑን ስንቱ ሰው አስተውሎት እንደ ሆነ አላውቅም።) የፈረንጆቹ ጨዋታ ከወደፊት ዘመን የመጣ ሠፋሪ ያስፈልገዋል፤ እኔ ግን ከተማዬን የሚቆረቁሩልኝን ሰዎች ከዚህ ትውፊት አገኘኋቸው፤ የልዕልቲቱ ቤተ ሰዎች ከሰጠሙ በኋላ በታች ቢኖሩስ፣ በላይ ካለው ደረቅ መሬት እስትንፋስ እየተቀበሉ፣ የበደሉትን እየለመኑ ቢኖሩስ ብዬ። በዚህም የኩስቶ መርከብና የእስጢፋኖስ መሬት አንድ ሆኑልኝ፤ ከተማው ከላይ ያለውን ወገን ካስቀየመ ቱቦው ይጠብባል።

ነገር ግን ትውፊት ሕግ አይሆንም፤ ሕጉን ማርቀቅ የቀረው ሥራ ነበር። የልጁ ጥያቄ በጆሮዬ እያለ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው፦ በጨዋታ ውስጥ ባሕር ማለት በሰማያዊ ቀለም የተሣለው ነገር አይደለም፤ አንድ ነገር ሲበላሽና ጥፋቱ ሲደርስ በመካከል ያለው ጊዜ ነው። በቱቦው አየር የሚገፋው ኮምፕሬሰር ቆመ እንበል። ሰው በአንድ አፍታ የሚያልቅ ከሆነ ተጫዋቹ ተቈጥቶ ይተወዋል፣ ፍርዱ ያለ ምርመራ ተሰጥቷልና፤ አየሩ ሳያልቅ ጨዋታው የሚቆጥራቸው ብዙ ቀኖች የሚያልፉ ከሆነም አይፈራም፣ ሲመቸው ይጠግነዋል፣ ባሕሩም መጋረጃ ይሆናል። ጥበቡ ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ተጫዋቹ የሚያደርገውን ለመምረጥ የሚበቃ፣ ሁሉን ለማድረግ ግን የማይበቃ ጊዜ መስፈር።

ይህን ጊዜ ደግሞ እንዲያው በግምት ልስፈረው ብል የሰው ሥጋ አይፈቅድልኝም። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፣ በፈንታውም አንድ ኪሎ ግራም የሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥም ሰውን ቀድሞ የሚጥለው የኦክስጅኑ ማለቅ ሳይሆን የዚህ የሁለተኛው መከማቸት ነው። ብዙዎች ጨዋታዎች እስትንፋስን እየጎደለ በሚሄድ በአንድ መሥመር ብቻ ያሳያሉ፤ እኔ ሁለት መዝገብ ማድረግ ግድ ሆነብኝ፣ አንዱ የሚጎድል፣ አንዱ የሚሞላ። የሚሞላው መዝገብ ነው ጨዋታውን ያዳነው። አየሩ ሲከፋ ሰው ወዲያው አይሞትም፤ ራሱን ያመዋል፣ እርምጃው ይዘገያል፣ ሥራው ይበላሻል፣ ቱቦ ጠጋኙ ራሱ እጁ ይፈዛል። ስለዚህ ተጫዋቹ አደጋውን የሚያውቀው ከቀይ መብራት አይደለም፤ ሸማኔው ትናንት ሠርቶ የጨረሰውን ዛሬ ሳይጨርስ በመዋሉ ነው። ፎረስተር የክምችትና የፍሰት ነገር ሲያስተምር ምክንያትና ውጤት ተራርቀው ሲገኙ ገዢ እንደሚስት አጥብቆ ተናግሯል፤ የእኔ ከተማ ገዢም የሚስተው በዚያው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ለማየት የደሴ ሰው ወደ ባሕር መውረድ አያስፈልገውም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ በቆየበት በኅዳር ወር መብራት ሲጠፋ የጠፋው መብራቱ ብቻ አልነበረም፤ ውኃው በኤሌክትሪክ ይገፋ ነበርና ውኃው ቀረ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ስልኩም ዝም አለ። ከተማ ግን በአንድ ቀን አይወድቅም። እህል ያለው ላጣው ይሰፍራል፣ ከሰል ያለው ለጎረቤቱ ያካፍላል፣ «አብሽር» የሚለውም ቃል በዚያን ጊዜ እንደ ቀለብ ይታደላል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር የሚቀባበርበት አገር ነውና ይህ ሥርዓት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በጨዋታዬም ጉልላቶቹን በዕድር አስተሳስሬያቸዋለሁ፤ በጥጋብ ጊዜ ለጎረቤቱ አየር ያካፈለ ጉልላት በችግር ጊዜ ይካፈላል፣ ያላካፈለው ግን ይጠየቅበታል። ይህን አንድ ሕግ ካስገባሁ ወዲህ በመካከል ያለው ጊዜ ባዶ የመጠበቂያ ሰዓት መሆኑ ቀርቶ የሽምግልና ሰዓት ሆኗል፤ ጌም ቤት ያሉትም ልጆች በኮምፕሬሰሩ ጥገና ሳይሆን ለማን አየር ይሰጥ በሚለው ሲጨቃጨቁ አያለሁ።

ቦታውም ቢሆን የተማርሁበት ነው። ደሴ በቶሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨንቃ የተቀመጠች ናት፤ ቤት ለመሥራት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ከተዳፋቱ ጋር ይሟገታል፣ ቦርከናም በክረምት የራሱን መብት ይጠይቃል። ከዚህ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወረድ ከፍታው ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ያሉት በታች ነው፣ ብዙው ነጋዴና ቢሮ በላይ ነው፣ ሰውም በመካከል ይመላለሳል። መውረድና መውጣት ዋጋ የሚያስከፍልበት አገር የተወለደ ሰው ሜዳ ላይ እንደሚሠራ ሰው ከተማ ሊያቅድ አይችልም። ስለዚህ በሐይቁ ውስጥ ጥልቀትን የዋጋ መሥፈሪያ አደረግሁት፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ግድግዳው ይወፍራል፣ ቱቦው ይረዝማል፣ ሠራተኛው ወደ ላይ ለመመለስ የሚያስፈልገው የመቆያ ጊዜ ይበዛል፤ ከታች ያለው ማዕድን ግን የበለጠ ነው። የኮምፕሬሰሩንም ድምፅ ከውጭ አገር አልገዛሁም፤ ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ ጎሚስታ ቤት የቀዳሁት ነው፤ በሐረጎ መንገድ ጎማ ያስነፋ ሾፌር ሁሉ ሲሰማው ያውቀዋል።

አሁን ከልጆቹ ጋር የቀረን ጠብ ስለ ሻርክ ነው። ሻርክ ካልገባ ጨዋታው ጨዋታ አይደለም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ተጫዋቹ ሻርክ ካየ ዓይኑ ሁሉ ወደ መስተዋቱ ይሄዳል፣ የሚሞላውን መዝገብ ይረሳል፣ ከአራዊት ጋር መዋጋት ከአየር ጋር ከመዋጋት ይቀላልና ባሕሩ እንደ ገና ሥራ ፈት ይሆናል ባይ ነኝ። ደግሞም ሐይቅ ሻርክ የለውም፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ራሱ ወደ ሐይቁ በሰው እጅ የገባው በቅርብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማለቂያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ያ ስለ ውኃው ሥራ የጠየቀኝ ልጅ፣ ለማስታረቅ ብሎ አምባዛውን አሳድገን በማታ ብቻ ቱቦ እንዲታከክ እናድርገው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ቱቦ ከታከከ አየር ያፈስሳል፣ የፈሰሰ አየር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ እንቢ ለማለት ምክንያት አጥቼ ሕጉን መጻፍ ጀምሬያለሁ።