ስለ አስፈሪ ፊልሞችና ስለ ተመልካቾቻቸው ፍርድ

አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ያዩትን ለመነጋገር ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «አስፈራህ ወይስ አላስፈራህም?» የሚል ነው። አንዱ «እንቅልፍ ነሣኝ» ይላል፤ ሌላው «እኔንስ አሳቀኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ በፊልሙ ውስጥ የሞቱትን ሰዎች ይቈጥራል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ደረጃ ማውጣት ይዞራል፤ ይኸኛው ከዚያኛው ይበልጣል፥ ያኛው ከሁሉ ያንሳል ይባልና ሁሉም አሳቡን እንደ ያዘ ይለያያል።

ይህ አነጋገር ጨዋታን ያሟሙቃል እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም። «አስፈራኝ» የሚለው ቃል የተናጋሪውን ልብ ይገልጻል፤ ፊልሙ በምን ዘዴ ልቡን እንደ ነካው ግን አይነግረንም። «አላስፈራኝም» የሚለውም እንደዚሁ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው፥ ፍርሀት ስለ ፊልሙ በሚመሰክርበት መጠን ስለ ተመልካቹም የሚመሰክር መሆኑን ነው። ስለዚህ በተመልካቾች መካከል የሚነሣው የአስተያየት ልዩነት ተድበስብሶ ከሚታለፍ ይልቅ ቢመረመር ይሻላል እንላለን።

ለምሳሌ የምንወስዳቸው ሦስት የአሜሪካ ፊልሞች ናቸው፤ ጥቂት ተማሪዎች በቅርቡ ተሰብስበን አይተናቸው ብዙ ተከራክረንባቸዋል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የታሪኮቹንም መጨረሻ መናገራችን ስለማይቀር፥ ፊልሞቹን ያላየ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልን።

ወደ ምሳሌዎቹ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ድንጋጤ በድንገት መጥቶ ወዲያው የሚሄድ ነው፤ በር ሲበረገድ፥ ድመት ከጨለማ ስትዘል ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ ቈይቶም በራሱ ይሥቃል። ፍርሀት ግን ምክንያት ያለውና ከሰው ጋራ እስከ ቤቱ የሚሄድ ነው። ድንጋጤን ማንኛውም ፊልም ሠሪ በከፍተኛ ድምፅ ብቻ ሊያመጣው ይችላል። ፍርሀትን ለማምጣት ግን ተመልካቹ የሚሳሳለት ነገር መኖር አለበት።

የመጀመሪያው ፊልም በአልፍሬድ ሂችኮክ አዘጋጅነት በ1960 ዓ.ም. የወጣው «ሳይኮ» ነው። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ፊልም አርጅቷል፤ ደሙም ጥቂት ነው፤ ዛሬ ከዚህ የባሰ እናያለን» ሲል ፈረደ። ስለ ደሙ የተናገረው እውነት ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ከመሆኑም በላይ ቢላዋው ሥጋ ሲቈርጥ አይታይም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የፊልሙ ኀይል ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ማሪዮን ክሬን የተባለችው ሴት በዐደራ የተሰጣትን 40,000 ዶላር ይዛ ስትሸሽ፥ ተመልካቹ ሌባ መሆኗን እያወቀ እንዳትያዝ ይመኝላታል። ታሪኩ ገና ግማሽ ሳይደርስ ግን በመንገድ ዳር ሆቴል ገላዋን ስትታጠብ ትገደላለች። ጃኔት ሊ ዝነኛ ተዋናይ ስለ ነበረች እንዲህ ቶሎ ትሞታለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሂችኮክም ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ወደ ሲኒማ ቤቱ እንዳይገባ ማዘዙ ለዚሁ ጠቅሟል። ድንጋጤው የቢላዋው ነው፤ ፍርሀቱ ግን አብረናት ስንጓዝ የቈየናት ሰው ጠፍታ ከማናውቀው ሰው ጋራ ብቻችንን መቅረታችን ነው።

ይህንን ለመፈተን ያንኑ ክፍል ድምፁን ዘግተን ደግመን አየነው። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የሠራው ዜማ ሲጠፋ፥ ትዕይንቱ የተቈራረጠ የሥዕል ክምር መሰለ። ሂችኮክ ራሱ መጀመሪያ በዚህ ስፍራ ሙዚቃ እንዲገባ አልፈለገም ነበር፤ ኸርማን ያዘጋጀውን ካሰማው በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። «አላስፈራኝም» ያለው ጓደኛችንም፥ ማሪዮን እንደምትገደል አስቀድሞ ሰምቶ ስለ ነበረ ሊሳሳላት አለመቻሉን ከዚህ በኋላ ገለጸልን። እንዲህ ያለው ምስክርነት ከተራው «አስፈራኝ፥ አላስፈራኝም» እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱን ይዞ መጥቷልና።

ሁለተኛው በጆርጅ ሮሜሮ አዘጋጅነት በ1968 ዓ.ም. የወጣው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው፤ ትርጓሜውም «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» እንደ ማለት ነው። በፔንሲልቬንያ ገጠር በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፥ የሞቱ ሰዎች ተነሥተው ሕያዋንን ሲበሉ ሰባት ሰዎች በአንድ የገበሬ ቤት ተከበው ያድራሉ። ስለዚህም ፊልም «ሙታኑ የሚራመዱት በዝግታ ነው፤ ጤናማ ሰው ሮጦ ያመልጣቸዋል» የሚል ነቀፋ ቀረበ። እኛ ግን ጥፋቱ የመጣው ከውስጥ ነው ብለን እናምናለን። ቤን የተባለው ሰው በሩንና መስኮቱን በሳንቃ መትቶ ከላይ መቈየት ይሻላል ሲል፥ ሃሪ ኩፐር የተባለው ምድር ቤት ወርዶ መዝጋት ይሻላል ይላል፤ በዚህ ጠብ ሌሊቱ ያልቃል። የሚያስደንቀው ነገር ቤን እስከ ንጋት በሕይወት የቈየው በመጨረሻ ያንኑ ሲቃወመው የነበረውን ምድር ቤት ገብቶ መሆኑ ነው። ፊልሙ ደግ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ነው ብሎ አያጽናናንም።

ይህን ፊልም በተመለከተ የአሜሪካዊው ሐያሲ የሮጀር ኢበርት ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል። በጥር 1969 ዓ.ም. በ«ቺካጎ ሰን ታይምስ» ጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ ከፊልሙ ይልቅ የተመለከተው በአዳራሹ የነበሩትን ሕፃናት ነበር። ልጆቹ በመጀመሪያ እንደ ጨዋታ ይጮኹ ነበር፤ ኋላ ግን ጸጥ አሉ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ፊልሞችን እንደ ዕድሜ የሚመድበው የአሜሪካ ሥርዐት የተጀመረው በኅዳር 1968 ዓ.ም.፥ ማለትም ይህ ፊልም በጥቅምት መጀመሪያ በፒትስበርግ ከታየ ከአንድ ወር በኋላ ነበር። ከጩኸት ወደ ጸጥታ የተሻገሩት ልጆች ከድንጋጤ ወደ ፍርሀት መሻገራቸው ነው። ኢበርትም ይህንን ለማስተዋል የቻለው ከራሱ ልብ ትርታ ሌላ የሰውንም ፊት ስለ ተመለከተ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን መጨረሻው ነው። በነጋ ጊዜ ነጮች የሆኑ የታጠቁ ሰዎች ሸሪፋቸውንና ውሾቻቸውን ይዘው ሙታኑን እየገደሉ ይመጣሉ። ቤን ድምፃቸውን ሰምቶ ወደ መስኮት ሲጠጋ ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ግንባሩን በጥይት ይመቱታል፤ ሬሳውንም በሥጋ ሜንጦ እየጐተቱ ወደ እሳት ሲወስዱት በፎቶግራፎች ይታያል። የቤንን ክፍል የተጫወተው ዱዌይን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሮሜሮ ይህን ተዋናይ የመረጠው ለፈተና ከቀረቡት ሁሉ ስለ በለጠ እንጂ በድርሰቱ ውስጥ ስለ ቀለም የተጻፈ ነገር እንዳልነበረ ተናግሯል፤ በፊልሙም ውስጥ የቤንን ቀለም የሚያነሣ ሰው የለም። ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው የዘር ነገር በፊልሙ ውስጥ የለም» ያሉ ነበሩ። እኛ በዚህ አንስማማም። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 4 ቀን 1968 ዓ.ም. ተገድሏል፤ ፊልሙ የታየው በዚያው ዓመት ነው። ጠመንጃና ውሻ የያዘ የነጮች ጭፍራ ለአንዱ ተመልካች ነጻ አውጪ ሊመስል ይችላል፤ አያቱ በእንዲህ ያለ ጭፍራ ለተሰቀለበት ግን ከሙታኑ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። አዘጋጁ ያላሰበውን ተመልካቹ ከሕይወቱ አምጥቶ ያነብበዋል፤ ይህም ንባብ ስሕተት አይባልም።

ሦስተኛው ፊልም ከዚህ ከ49 ዓመት በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም. ጆርዳን ፒል ጽፎ ያዘጋጀው «ጌት አውት» ነው። ክሪስ የተባለው ጥቁር ወጣት የነጭ ወዳጁን የሮዝን ወላጆች ሊጐበኝ ሄዶ፥ የነጮችን አንጐል በጥቁሮች አካል ውስጥ በሚተክል ቤተ ሰብ እጅ ይወድቃል። ተጋድሎ ካመለጠ በኋላ፥ ሮዝ ቈስላ በወደቀችበት መንገድ ላይ የፖሊስ የሚመስል የመኪና መብራት ብልጭ ይላል፤ ክሪስም እጆቹን ያነሣል። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ተመስገን፥ ደረሱለት» አለ። ወንድሙ በአሜሪካ የሚኖረው ሌላው ጓደኛችን ግን ፊቱን ሸፈነ። ሁለቱ ያዩት ሥዕል አንድ ነበር።

ከመኪናው የወረደው የክሪስ የልብ ጓደኛ፥ በአየር ጣቢያ ጥበቃ የሚሠራው ሮድ ሆነና ሁላችንም እፎይ አልን። ፒል ግን አስቀድሞ ፖሊሶች ክሪስን ይዘው የሚያስሩበት ሌላ መጨረሻ ቀርፆ ነበር፤ በኋላ ተመልካቹ ተስፋ የሚያገኝበት ፍጻሜ እንደሚያስፈልገው ስላመነ ለወጠው። የተጣለው መጨረሻ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ያ መብራት ሲታይ በሚያውቁት ሰዎች ልብ ውስጥ ለጥቂት ሰኮንዶች ይታያል። ፊልሙም አስቀድሞ አዘጋጅቶናል፤ በመጀመሪያው ክፍል መኪናውን ስትነዳ የነበረችው ሮዝ ሆና ሳለ ፖሊሱ መታወቂያ የጠየቀው ክሪስን ነበርና። በ1968 ዓ.ም. የሕግ ሰዎች መምጣት ቤንን ገደለው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመምጣታቸው ጥርጣሬ ብቻ ተመልካቹን አስፈራው።

አንዳንድ ሰዎች «አስፈሪ ፊልም ለመዝናኛ የተሠራ ነው፤ እንዲህ መመርመሩ ጣዕሙን ያጠፋዋል» ይሉ ይሆናል። መዝናናትን አንነቅፍም፤ እኛም የተሰበሰብነው ለዚሁ ነበር። ነገር ግን የ«ሳይኮ»ን ዜማ ሥራ ከተረዳን በኋላ ፊልሙ የበለጠ ጣመን እንጂ አልመረረንም። ደግሞም እያንዳንዱ የራሱን ፍርሀት ብቻ መለኪያ ካደረገው፥ ፊቱን የሸፈነው ጓደኛችን «ፈሪ» ተብሎ ይሣቅበትና ያየው ነገር ከእርሱ ጋራ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ያዩትን ፊልም ለሚነጋገሩ ሁሉ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። «አስፈራኝ» ያለ ሰው የቱ ስፍራ እንዳስፈራው፥ በድምፅ ወይስ በሥዕል ወይስ በታሪኩ አካሄድ እንደ ሆነ፥ ለማንስ ሲሳሳ እንደ ነበር ጨምሮ ይንገረን። «አላስፈራኝም» ያለም ከማን ጋራ ቆሞ ይመለከት እንደ ነበረ ይግለጽልን። ያን ጊዜ የፊልሞቹ ደረጃ በቀላሉ ላይወሰን ይችላል፤ አብሮን የተቀመጠው ሰው በምን እንደሚፈራ ግን እናውቃለን። በአንድ አገርም ሆነ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ቀላል ዕውቀት አይደለም።