የእግር ጣት አንጓ

በአንድ እግር 14 የጣት አጥንቶች አሉ። አውራ ጣት ሁለት፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት አላቸው። በሕክምና መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ፋላንክስ ይባላሉ። የጥንት ግሪኮች ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ፣ ጦሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በተርታ የሚቆመውን እግረኛ ሠራዊት በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። እኛ አጥንቱን አንጓ እንለዋለን።

ከጣቱ ሥር ያለውን አንጓ ለብቻው እንየው። ወገቡ ቀጠን ያለ ነው። ላዩ ክብ፣ ታቹ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ጣቱን የሚያጥፉት ጅማቶች በታቹ በኩል ያልፋሉ። የፊት ጫፉ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች፣ በመካከላቸውም ቦይ አለው። ቀጣዩ አንጓ ለዚህ ቦይ የሚሆን ስስ ሸንተረር አለው። ሁለቱ ሲገጥሙ መጋጠሚያው እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል እንጂ ወደ ጎን አይዞርም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የኋላ ጫፉ ነው። ጎድጎድ ያለ ነው፤ የመሐል እግር አጥንት ድቡልቡል ራስ እዚያ ላይ ያርፋል። ይህ ጎድጓዳ በቺምፓንዚ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ጣቱ ቅርንጫፍ ይጨብጣልና። በሰው ወደ ላይ ቀና ይላል። ምክንያቱን የእንጦጦን ዳገት በምትወጣ እንጨት ለቃሚ እግር ላይ ማየት ይቻላል። ተረከዟ ይነሳል፣ ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጣቶቿ መሬቱን እንደረገጡ ከሥራቸው ወደ ላይ ይታጠፋሉ። ጎድጓዳው ቀና ባይል ይህን ያህል አይታጠፉም ነበር።

በመካከለኛው አዋሽ፣ አምባ በተባለ ሥፍራ የተገኘ አንድ የእግር ጣት አንጓ 5.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ተመራማሪው ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2001 ካዳባ ብለው ከሰየሙት የጥንት የሰው ዘመድ ቅሪት ጋር አቅርበውታል። የአንጓው ግንድ እንደ ቺምፓንዚ ረዘም፣ ጎበጥ ያለ ነው፤ የኋላ ጎድጓዳው ግን ቀና ብሏል። ከሌሎቹ የካዳባ አጥንቶች ርቆ የተገኘና በዕድሜም የሚያንስ በመሆኑ፣ የዚያው ፍጡር መሆኑን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የጎድጓዳውን አቅጣጫ ግን አጥንቱ ራሱ ያሳያል። ከዚያ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሐዳር የተገኙት የሉሲ ወገኖች የእግር ጣቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጎድጓዳው ቀና ብሎ፣ ግንዱ ገና እንደጎበጠ ነው።